ቁልቁለቱን ማን ይይዘዋል?

የአንባቢያን የመኪና ጥያቄና መልስ፣ ከጎንደር

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ፍሬን ናቸው። ጎንደር ላይ ሜዳ መንገድ ብርቅ ነው። ከቁስቋም ብትነሱ፣ ከሳሙና በር ብትነሱ፣ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ከከተማ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። በአንድ በኩል ደባርቅና ሊማሊሞ፣ በሌላ በኩል ከአዘዞ ተነስቶ ወደ መተማ ቆላ መውረድ አለ። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ለዚህ ሰጥቼዋለሁ። ስለ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) እና ስለ ዲፍረንሻል የጻፋችሁልኝንም አብሬ አስገብቻለሁ። ፍሬንና ማርሽ ዘመዳሞች ናቸው፤ ለያይቶ የሚያያቸው ሹፌር ቁልቁለት ላይ ይቸገራል።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። አይሱዙ ኤንፒአር ነው የምነዳው። ጭኜ ሊማሊሞን ስወርድ አጋማሽ ላይ የፍሬን ፔዳሉ እየለሰለሰ ወደ ታች ይገባል። ዳር ይዤ ትንሽ ሳሳርፈው ይመለሳል። ጋራዥ ሳስገባው ‹ምንም የለበትም› ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?»
ሹፌር፣ ከደባርቅ

ወንድሜ፣ ይህን ነገር ለነገ አትበለው። ዛሬ ፔዳሉ እየለሰለሰ ነው የሚገባው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ምንም ሳይዝ ወለሉን መንካት ነው። «ምንም የለበትም» ያሉህ ልጆችም አልዋሹህም። እነሱ ጋ ሲደርስ መኪናው ቀዝቅዟል። ይህ ችግር የሚታየው ፍሬኑ ሲግል ብቻ ነው።

እስኪ ከእግርህ እንጀምር። ፔዳሉን ስትረግጥ ማስተሩ (ከፔዳሉ ጋር የተያያዘው ሲሊንደር) ውስጥ ያለው ፒስተን የፍሬን ዘይቱን ይገፋል። ዘይት አይታመቅም። ስለዚህ ግፊቱ በቱቦው ሄዶ እያንዳንዱ ጎማ ጋ ያሉትን ትናንሽ ፒስተኖች ይገፋል፤ እነሱ ደግሞ ሸራውን (የሚፋተገውን ልባስ) ከታምቡሩ፣ ከጎማው ጋር ከሚዞረው የብረት ከበሮ፣ ጋር ያጣብቁታል። ሸራና ታምቡር ሲፋተጉ መኪናው ይዘገያል። ታዲያ ያ ሁሉ ፍጥነት የት ገባ? ሙቀት ሆነ። ፍሬን እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ዕቃ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። ሙቀቱን ወደ አየር ለመበተን ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

አሁን ሂሳቡን እንየው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን በቀደደው በዚያ ጠመዝማዛ ወርደህ ዛሪማ ስትደርስ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ወርደሃል። ከነጭነቱ 7 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚፈጥረው ሙቀት 200 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። አንድ በርሜል ሙሉ ማለት ነው። መኪናውን በእግርህ ብቻ ከያዝከው አብዛኛው ሙቀት የሚገባው ታምቡሮቹ ውስጥ ነው።

ጋራዤ ግድግዳ ላይ አንድ የአይሱዙ ታምቡር አንጠልጥያለሁ። ለሚመጣ ሹፌር ሁሉ አሳየዋለሁ። ሸራው የሚነካው የውስጥ ገጹ ሰማያዊ ነጠብጣብ አለው፤ ብረቱ ከመጠን በላይ ግሎ እንደነበር ምልክት ነው። ጠጋ ብለህ ባትሪ ስታበራበት ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ታያለህ። እጅህን ብታሳልፍበት አይታወቅህም። ዓይንህ ግን ያየዋል። ቶርኖ ቤት ወስደው ቢያስላጩትም አይድንም፤ ስንጥቁ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከእሱ ላይ የወጣው ሸራ ገጹ ደርቆ ያብለጨልጭ ነበር። እንደዚያ የተቃጠለ ሸራ አይፈትግም፣ ይንሸራተታል።

ያንተ ፔዳል የለሰለሰው ግን ዘይቱ ፈልቶ ይመስለኛል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 አዲስ ሲሆን 230፣ እርጥበት ሲገባበት 155 ነው። ሙቀቱ ከታምቡሩ ወደ ውስጥ ሲሄድ ያረጀው ዘይት ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። ዘይት አይታመቅም ብዬሃለሁ፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል። እግርህ እንፋሎቱን ይጨምቃል እንጂ ሸራውን አይገፋም። ዳር ይዘህ ስታሳርፈው እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ፔዳሉም ይመለሳል። የጻፍክልኝ ቁርጥ ይህን ነው።

ለመለየት እንዲመችህ ይህን ያዝ። ፔዳሉ ስፖንጅ ስፖንጅ ካለ ዘይቱ ፈልቷል ወይም አየር ገብቶበታል። ፔዳሉ ደረቅ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ ሸራው ግሎ መያዝ አቅቶታል። ዝቅ ብሎ ገብቶ፣ ደግመህ ስትረግጠው ከፍ ብሎ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ታምቡሩ በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ርቋል፣ ወይም ፍሬኑ መስተካከል ይፈልጋል።

ዘይቱን ጨምርበት አልልህም። ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ ከአራቱም ጎማ አሮጌው ወጥቶ ንጹሑ እስኪመጣ ድረስ፣ አየሩም አብሮ ይውጣ። ከተማ ውስጥ ለሚሽከረከር መኪና በየሁለት ዓመቱ መቀየር ደህና ነው። ሊማሊሞን ለሚመላለስ ግን በየዓመቱ ነው የምመክረው። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጣሳ አትግዛ፤ እርጥበቱን እዚያው ጠጥቷል። የመኪናው መመሪያ ከፈቀደ ዶት 4 አስገባ። ዶት 5 ቢሰጡህ አትውሰድ፤ ሲሊኮን ነው፣ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም።

ይህ ሁሉ ግን ሁለተኛው ነገር ነው። አንደኛው ማርሽ ነው። ሊማሊሞን በስንተኛ እንደምትወርድ አልጻፍክልኝም። በአራተኛ ወርደህ በፍሬን የምትይዘው ከሆነ ምንም ዓይነት ዘይት አያድንህም። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ የድሮ ሹፌሮች። እኔም በሰሊጥ ወራት ሁመራ በምመላለስበት ጊዜ የያዝኩት ይህንኑ ነው። ጭነት ከከበደህ ከዚያም አንድ ቀንስ። የምትቀንሰውም ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። መሐል ላይ መኪናው ፍጥነት ይዞ ለመቀነስ ስትሞክር ማርሹ አልገባም ካለህ፣ ዜሮ ላይ ቀረህ ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚይዝልህ የጋለው ፍሬን ብቻ ነው።

ማርሽ መኪናን እንዴት ይይዛል? እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጎማው ሞተሩን ማዞር ይጀምራል። ጉልበቱ ከጎማው በሴሚያሱ (ጎማውን በያዘው ዘንግ) ወደ ዲፍረንሻል፣ ከዲፍረንሻል በትራስሚሽኑ (ከመኪናው ሥር በሚዞረው ረጅም ዘንግ) ወደ ካምቢዮ፣ ከዚያ ካምቢዮና ሞተርን በሚያገናኘው በፍሪሲዮኑ በኩል ወደ ሞተር ይሄዳል። ማርሹ ባነሰ ቁጥር ጎማው አንድ ጊዜ ለመዞር ሞተሩን ብዙ ጊዜ ማዞር አለበት። ሸክሙ እዚያ ላይ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን የአየር ማስገቢያው ክፍት ስለሆነ ብቻውን ብዙ አይዝም። ለዚህ ነው አይሱዙህ መሪው አጠገብ የሞተር ፍሬን ማንሻ የተደረገለት። እሱን ስታስገባ የጭስ መውጫው ላይ ያለች በር ትዘጋለች፤ ፒስተኖቹ የታፈነውን አየር ለመግፋት ይታገላሉ፣ መኪናው ይያዛል። ሙቀቱ በራዲያተርና በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ ታምቡርህ ያርፋል። ማንሻው የማይሠራ ከሆነ ከሁሉ በፊት እሱን አሠራ። ብዙ አይሱዙ ላይ ሞቶ አየዋለሁ፤ ባለቤቱ «ጌጥ ነው» ብሎ ትቶታል። በጣም ያናድደኛል።

የሞተሩ ዙር ቀዩ መስመር ሳይደርስ በፍሬን ጠንከር አድርገህ ቀንስ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቀው፣ ይተንፍስ። ለስለስ አድርጎ ለረጅም ጊዜ መያዝ ነው ታምቡሩን የሚያግለው።

«ሰላም ጋሼ። ከጎንደር አዘዞ ሚኒባስ እሠራለሁ። ነዳጅ አልቀመስ ብሏል። ቁልቁለት ሳገኝ ዜሮ አድርጌ እለቀዋለሁ። አንድ ጓደኛዬ ጭራሽ ሞተሩን ያጠፋል። ይቆጥባል ወይስ አይቆጥብም?»
የሚኒባስ ሹፌር፣ ከአዘዞ

ዜሮው አይቆጥብልህም። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጁ ሙሉ በሙሉ ስታነሳ፣ የናፍጣው ፓምፕ ነዳጁን ይዘጋል። ኢንጀክሽን ያለው የቤንዚን መኪናም እንዲሁ ያደርጋል። ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ስለሆነ ነዳጅ አያስፈልገውም። ዜሮ ስታደርገው ግን ጎማው ከሞተሩ ተለየ። ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። ለመቆጠብ ብለህ እያስጠጣኸው ነው። ካርቡራተር ላላቸው አሮጌ መኪኖች ሂሳቡ ትንሽ ይለያል፤ ፍሬኑን በተመለከተ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

የጓደኛህ ነገር ያስፈራኛል። ፔዳልህ ቀላል የሆነው ከማስተሩ ኋላ ያለው ክብ ቆርቆሮ፣ ሰርቮው፣ ስለሚያግዝህ ነው። ሰርቮው የሚሠራው ሞተሩ አየር እየሳበለት ነው፤ ብዙ የናፍጣ መኪና ላይ ይህን የሚያደርግ ትንሽ ፓምፕ ዲናሞው ላይ አለ። ሞተሩ ሲጠፋ አንድ ሁለት ጊዜ የሚበቃ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ፍሬኑ አልተበላሸም፣ ግን የአንተ እግር ብቻውን የሞላ ሚኒባስ አያቆምም። መሪውም ይከብዳል። ቁልፉን ከነቀለው ደግሞ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። አሥራ ምናምን ሰው ጭኖ ይህን የሚያደርግ ሰው ካየህ፣ ጓደኛህም ቢሆን ተቆጣው።

«ጋሼ፣ ባጃጄ የፍሬን ዘይት ሲጎድላት መንገድ ላይ የሞተር ዘይት ጨመርኩባት። አሁን ፍሬኑ ይይዝና አይለቅም። ጎማው ይግላል።»
የባጃጅ ሹፌር፣ ከማራኪ

የሞተር ዘይት ፍሬኑ ውስጥ ያሉትን የላስቲክ ማሸጊያዎች ያሳብጣል። ማስተሩና ጎማው ጋ ያሉት ትናንሽ ላስቲኮች አብጠው ቦታቸው ላይ ተጣብቀዋል፣ ለዚህ ነው የማይለቀው። አጥቦ መመለስ አይበቃም። ላስቲኮቹ በሙሉ ይቀየሩ፣ ቱቦው ይጠብ፣ አዲስ ዘይት ይግባ። እስከዚያ አትሥራባት። ደግሞ ዘይቱ በራሱ አይጎድልም፤ ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ የሆነ ቦታ ያፈሳል። የጎደለበትን ሳታገኝ ከጋራዥ አትውጣ።

«እንደምን አሉ ጋሼ። አውቶማቲክ ቪትዝ አለችኝ። ቤታችን ዳገት ላይ ስለሆነ ፒ ላይ አድርጌ አቆማታለሁ። ጠዋት ከፒ ሳወጣት ‹ጓ› የሚል ድምፅ ታሰማለች፣ ማንሻውም ይከብደኛል። ካምቢዮው እየተበላሸ ነው?»
መምህርት፣ ከሳሙና በር

እህቴ፣ ገና አልተበላሸም፣ ግን ካልተውሽው ይበላሻል። ፒ ስታደርጊ ካምቢዮው ውስጥ አንዲት ትንሽ ብረት ጥርስ መሐል ገብታ ትቆልፋለች። አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን መኪና ሌሊቱን ሙሉ በእሷ ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል። ጠዋት የምትሰሚው ከዚያ ሸክም ስትላቀቅ ነው።

ቅደም ተከተሉን ቀይሪው። እግርሽ ፍሬን ላይ እንዳለ ዜሮ አድርጊ፣ የእጅ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገሽ ሳቢ፣ ከዚያ የእግር ፍሬኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ። መኪናዋ በእጅ ፍሬኑ ላይ ስታርፍ ይሰማሻል። ፒ የምታስገቢው ከዚያ በኋላ ነው። የእጅ ፍሬኑ ብቻውን የማይዛት ከሆነ ይስተካከል። የፊት ጎማውንም ወደ ጠርዙ አዙረሽ አቁሚ፤ ታኮ ብታደርጊ ደግሞ የተሻለ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አውቶማቲክ ነው ብለሽ ቁልቁለቱን በዲ ብቻ አትውረጂ። ማንሻው ላይ ሁለት ወይም ኤል የሚል አለ፣ አንዳንዱ ላይ ቢ ወይም ኤስ ነው። እሱን ስታስገቢ ሞተሩ ይይዝልሻል። ብዙ ሰው መኪናውን ሲሸጥ እንኳ ያንን ቦታ አንድ ቀን ነክቶት አያውቅም።

«ጤና ይስጥልኝ። ቱሪስት ይዤ ሰሜን ተራሮች እመላለሳለሁ፤ መኪናዬ ላንድክሩዘር ነው። ከፓርኩ ስወጣ ፎር ዊሉን ሳላወጣ አስፋልቱን ይዤ ጎንደር ድረስ መጣሁ። መታጠፊያ ላይ መሪው ይከብዳል፣ መኪናው ይዘላል። አሁን ማንሻው አልወጣም ብሏል።»
አስጎብኚ ሹፌር

እርስዎም ጤና ይስጥልኝ። መጀመሪያ ማንሻውን እናውጣው። ሜዳ ቦታ ላይ መሪውን ቀጥ አድርገው ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ይሂዱ። በዚያው እየሄዱ ማንሻውን ይሞክሩት፣ ብዙ ጊዜ ይለቃል። በጉልበት አይታገሉት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። መኪና ሲታጠፍ አራቱም ጎማዎች እኩል መንገድ አይሄዱም። ውጭ በኩል ያለው ረጅሙን ይሄዳል፣ ውስጥ በኩል ያለው አጭሩን። ይህን ልዩነት የሚያስታርቀው ዲፍረንሻሉ ነው፤ ግራና ቀኙን በየፍጥነታቸው ይለቃቸዋል። የፊት ጎማዎችም ከኋላዎቹ ሰፋ ያለ ዙር ይዞራሉ። እርስዎ መኪና ላይ ግን በፊትና በኋላ መሐል ዲፍረንሻል የለም። ፎር ዊል ሲያስገቡ የፊቱና የኋላው ትራስሚሽን እኩል እንዲዞሩ ይታሰራሉ። ሳንቃ በርና ጨነቅ መሐል ኮረኮንች ላይ ችግር የለውም፣ ጎማው ትንሽ እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያስተካክላል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን አይንሸራተትም። ትራስሚሽኑ እየተጠመዘዘ ይወጠራል። መሪው የከበደዎት፣ መኪናውም የዘለለው ለዚህ ነው። ሲብስ ክሮቼራ (የትራስሚሽኑን መገጣጠሚያ) ይሰብራል፣ የማከፋፈያ ሳጥኑን ጥርስም ይበላል። ከአሁን በኋላ ትራስሚሽኑን ሲያዞሩት የሚንኳኳ ክፍተት እንዳለው ያስፈትሹ።

ሪዶታውን (ዝቅተኛውን የፎር ዊል ማርሽ) ግን ለጭቃ ብቻ አይተዉት። ከጨነቅ ሲመለሱ ኮረኮንቹ ቁልቁል በሚሆንበት ቦታ በሪዶታ ሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ። መኪናው ራሱን ይዞ ይወርዳል፤ እግርዎ ፍሬኑን ብዙ አይፈልገውም። ኮረኮንች ላይ ፍሬን ሲረገጥ ጎማው ተቆልፎ መንሸራተቱም ይቀራል።

«ጋሼ፣ የሲኖትራክ ረዳት ነኝ። ሹፌሩ ጠዋት ጠዋት ‹ከአየር ታንከሩ ውሃ አስወጣ› ይለኛል። አየር የሞላው ታንከር ውስጥ ውሃ ከየት ይመጣል? ሥራ ፈትቶ ነው ወይስ እውነት ነው?»
ረዳት፣ ከጎንደር

ልጄ፣ ሹፌርህ ትክክል ነው። አየር ውስጥ ሁልጊዜ እርጥበት አለ። ኮምፕሬሰሩ አየሩን ጨምቆ ታንከሩ ውስጥ ሲያስገባው፣ አየሩ እዚያ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውሃ ሆኖ ታች ይጠራቀማል። ውሃው የአየሩን ቦታ ይይዛል። ቫልቮቹን ያዝጋል። ደባርቅ ላይ ውርጭ ባለበት ሌሊት ካደራችሁ ደግሞ ቱቦ ውስጥ ሊረጋ ይችላል።

አየሩ እዚያ መኪና ላይ ሁለት ሥራ ነው ያለው። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ፍሬኑን የሚገፋው አየር ነው። የእጅ ፍሬኑ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚይዘው ብርቱ ስፕሪንግ ነው፣ አየሩ ይገፋውና ያስለቅቀዋል። አየሩ ካለቀ ስፕሪንጉ ይይዛል። ስለዚህ ጠዋት አየሩ ሳይሞላ መኪናው አልነቃነቅም ቢል አትደንግጥ፣ እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው። ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ መደብደብ ግን አየሩን ይጨርሰዋል፤ ኮምፕሬሰሩ አይደርስበትም። የአየር መለኪያውን ዓይንህ ሥር አድርገው። ሲወርድ ካየህ ለሹፌሩ ንገረው፣ «እሱ ያውቃል» ብለህ ዝም አትበል።

ታንከሩ ሥር ቀለበት ወይም ቧንቧ አለ። ስትስበው መጀመሪያ ውሃ ይተፋል፣ ከዚያ ንጹሕ አየር ብቻ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ልቀቀው። አንዱ ታንከር ላይ አታቁም፣ ሁሉንም ዙር። የሚወጣውን በመዳፍህ ተቀበለውና እየው። ውሃ ብቻ ከሆነ ደህና ነው። ነጣ ያለ ቅባት ከተቀላቀለበት ኮምፕሬሰሩ ዘይት እየለቀቀ ነው። ለሹፌርህ አሳየው፣ በዚያው ሳምንት ጋራዥ ይግባ።